«ማስት ኖት» እና «ዶንት ሃቭ ቱ» አምታቱኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ናችሁ? አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ትናንት አንዲት እናት ሾርባቸውን ሳይጨርሱ ማንኪያውን አስቀመጡ። ካልፈለጉ ይቅር፣ ግድ የለም ለማለት በእንግሊዝኛ «ዩ ማስት ኖት ፊኒሽ ኢት» አልኳቸው። ደንግጠው ሳህኑን ገፉት። «ምን ገባበት?» አሉኝ። በአማርኛ «መጨረስ የለብዎትም» ብል ማን ይደነግጣል? የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ የ«የለብህም» ነው። የኛ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። «መምጣት የለብህም» ሲሉህ «እንዳትመጣ» ሊሆን ይችላል፤ «ባትመጣም ይቻላል» ሊሆንም ይችላል። እኛ ከአነጋገሩ እንለየዋለን። እንግሊዝኛው ግን ለያይቶታል። «ማስት ኖት» ክልክል ነው፣ «ዶንት ሃቭ ቱ» ግዴታ የለም ነው። የሚገርመው ያለ «ኖት» ሲሆኑ «ማስት» እና «ሃቭ ቱ» ተቀራራቢ ናቸው። እኔ ከመናገሬ በፊት በሆዴ እሞክረዋለሁ። «እንዳይጨርሱ» ማለቴ ከሆነ ማስት ኖት፣ «ባይጨርሱም ይችላሉ» ከሆነ ዶንት ሃቭ ቱ።

ሌላ መልስ፦
ልክ ነው። ደግሞ ለትልቅ ሰው «ማስት ኖት» ቁጣ ይመስላል፤ ምክር ከሆነ «ሹድንት» (ባያደርጉት ይሻላል እንደ ማለት) ለስለስ ይላል። ከ«ማስት» ቀጥሎ «ቱ» እንዳትጨምሪ። እኔ ስንት ዓመት «ማስት ቱ ጎ» ስል ከረምኩ፣ አንድም ሰው አላረመኝም!

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ዛሬ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፊኒሽ ኢት» አልኳቸው። ሙልጭ አድርገው ጠጡት።