የአክሮፖሊስ ህትመት፦ ከግርጌው 1819 ይላል፤ ይታመናል?

ጥያቄ | ነጭ_ጠርዝ
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ባለቀለም ህትመት ዕድሜ መለየት ፈልጌ ነው። አናቱ ጠፍጣፋ በሆነ ኮረብታ ላይ ትልቅ ቤተ መቅደስ ፈርሶ ይታያል፤ በዓምዶቹ መካከል ጉልላት ያላት ትንሽ ሕንጻ አለች። በስተግራ ረጅም አራት ማዕዘን ግንብ ቆሟል። ከኮረብታው ሥር ባለ ቅስት ግድግዳ አለ። ርዕሱ በእንግሊዝኛ «የሚነርቫ ቤተ መቅደስ፣ አቴና» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ለንደንና 1819 ተጽፏል። ይህ ፓርተኖን ነው ወይስ ሌላ? ዓመቱስ ይታመናል?

መልስ | ዓምድ_ቆጣሪ
ፓርተኖን ነው፤ የአምላኳ አቴና ቤተ መቅደስ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የዚያ ዘመን አታሚዎች የግሪክን አማልክት በሮማውያን ስም ይጠሩ ነበር፤ አቴናን ሚነርቫ፣ ዜውስን ጁፒተር ይሏቸዋል። ስለዚህ በርዕስ ብቻ ሕንጻ አይለይም። የኤጊና ደሴቱን ቤተ መቅደስ «የጁፒተር» ብለው ሲያትሙት ኖረው፣ አፋያ የተባለች አምላክ መሆኑ የታወቀው በ1901 በተገኘ ጽሑፍ ነው። በሱንዮን ያለው ቤተ መቅደስም የፖሲዶን ሆኖ ሳለ «ሚነርቫ» ተብሎ ይገኛል።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ጉልላት ያላት ሕንጻ መስጊድ ናት። በ1687 የቬኔሲያ ጦር በመድፍ ሲመታ ፓርተኖን ውስጥ የተከማቸው ባሩድ ፈንድቶ መሃሉን ጠረገው፤ መስጊዷ ከዚያ በኋላ ባዶው ላይ ተሠርታ እስከ 1840ዎቹ መጀመሪያ ቆየች። ግንቡ የፍራንኮች ግንብ የሚባለው ነው፤ የፈረሰው በ1875 ነው። ከመግቢያው በስተቀኝ ወደፊት የወጣውን ምሽግ ደግሞ በደንብ ይዩት። ላዩ ላይ አራት ዓምድ ፊት ያላት ትንሽ ቤተ መቅደስ ከሌለች ሥዕሉ ከ1835 በፊት የነበረውን ያሳያል ማለት ነው። የአቴና ኒኬን ቤተ መቅደስ ቱርኮች በ1686 አፍርሰው ድንጋዩን ለምሽግ አዋሉት፤ መልሶ የተተከለው በ1835 እና 1836 ነው።

እዚያው አቴና ከተማ ያለው የኦሎምፒያዊው ዜውስ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ በጥግ ከታየ ደግሞ ዓምዶቹን ይቁጠሩ። 17 ከሆኑ ከ1759 በፊት፣ 16 ከሆኑ እስከ 1852 ድረስ፣ 15 ቆመው አንድ ከተጋደመ ከ1852ቱ ማዕበል ወዲህ ነው። የተጋደመው ዓምድ ክብ ክብ ድንጋዮቹ እንደተቆረጠ ዳቦ ተደርድረው ስለሚታዩ አይሳትም።

መልስ | ሰሌዳና_ቀለም
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን የሚነግረን የሥዕሉን ዘመን እንጂ የወረቀቱን አይደለም። ንድፉ በ1805 ተነድፎ፣ ሰሌዳው (ሥዕሉ ተቀርጾ የሚታተምበት የመዳብ ገበታ) በ1819 ተቀርጾ፣ እጅዎ ላይ ያለው ቅጂ ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ሊታተም ይችላል። የ1735ቱ የእንግሊዝ ሕግ የቅርጹ መብት እንዲጠበቅ የወጣበት ቀንና የባለቤቱ ስም ሰሌዳው ላይ እንዲቀረጽ ያዛል። ያ ጽሑፍ የሰሌዳው አካል ስለሆነ በኋላ በታተመው ሁሉ ላይ እንዳለ ይወጣል።

ስለዚህ 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ይያዙና ሰማዩን ይመልከቱ፦

እኩል በተደረደሩ ክብ ነጥቦች ከተሠራ የፎቶ ህትመት ነው፤ ከ1880ዎቹ ወዲህ። እዚያው ያቁሙ።

ጥቃቅን ነጭ ደሴቶች በጥቁር መረብ ተከበው ከታዩ አኳቲንት ነው። የሙጫ ዱቄት ሰሌዳው ላይ በሙቀት ይጣበቅና አሲዱ በፍሬዎቹ ዙሪያ ብቻ ይበላል፤ መረቡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ለ1819 ባለቀለም ህትመት የሚጠበቀው ይህ ነው። የኤድዋርድ ዶድዌል የ1821 የግሪክ ሥዕሎችም 30 ቀለም የተቀቡ አኳቲንቶች ናቸው።

እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ በማሽን የተሰመሩ የሚመስሉ ትይዩ መስመሮች ካሉ የአረብ ብረት ቅርጽ ነው፤ እንዲህ ያለው ለመልክዓ ምድር ሥዕል የተለመደው ከ1820ዎቹ ወዲህ ስለሆነ 1819 ያጠራጥራል። የከሰል እርሳስ ዓይነት ሻካራ ፍሬ ካለና ወረቀቱ ላይ የሰሌዳ ጠርዝ ካልተረገጠ ሊቶግራፍ (ከድንጋይ ላይ የታተመ) ነው። የተረገጠ ጠርዝ መኖሩ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ለዘመናዊ ቅጂም ይረገጣል።

ከዚያ ወረቀቱን ለብርሃን ይያዙት፤ ውስጡ ስምና ዓመት ሊኖር ይችላል።

ነጭ_ጠርዝ
አመሰግናለሁ። ምሽጉ ላይ ቤተ መቅደስ የለም። ሰማዩ ላይ መረቡ አለ፤ ነገር ግን በጣም ሳስቷል፣ ደመናው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ወረቀቱ ውስጥ «ጄ ዋትማን 1831» ይነበባል። ፎርጅድ ነው ማለት ነው?

መልስ | ሰሌዳና_ቀለም
አይደለም። ዋትማን የወረቀቱ አምራች ስም ነው። በ1819 ሰሌዳ፣ ከ1831 ወዲህ የታተመ ነው። የመዳብ አኳቲንት ቶሎ ያልቃል። ቀለሙ በጨርቅ ሲጠረግና ማተሚያው ሲጫነው ጥልቀት የሌለው ፍሬ ይለሰልሳል፤ ጥቂት መቶ ቅጂ ሳይሞላ ሰማዩ መሳሳት ይጀምራል። የእርስዎ ደመና የጠፋው ለዚህ ነው። «የ1819 ሰሌዳ፣ በ1831 ወረቀት ላይ የታተመ» ተብሎ ቢመዘገብ ትክክል ነው፤ ዋጋው ግን ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ያንሳል።

ቀለሙንም ይፈትሹ። ወረቀቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካለና ቀለሙ ከነጠብጣቡ በላይ ከተቀባ፣ ቀለሙ ዘግይቶ የተጨመረ ነው። ጀርባውንም ይዩ፤ የታጠበ ወረቀት ሙጫው ስለሚለቅ አዲስ ቀለም ሰርጎ በጀርባው ይታያል።

መልስ | ዓምድ_ቆጣሪ
አንድ ነገር ልጨምር። ባለ ቅስቱ ግድግዳ የሄሮድስ አቲከስ ቴአትር ነው፤ ያለው በደቡብ ምዕራብ ቁልቁለት ላይ ነው። እሱ ከፊት ከታየ ግንቡ ከፓርተኖን በስተግራ መሆን አለበት። የእርስዎ እንዲያ ነው፣ ጥሩ ነው። በስተቀኝ ቢሆን ኖሮ ከሌላ ህትመት የተገለበጠ ቅጂ ነበር። ሰሌዳ የሚያትመው እንደ መስታወት ገልብጦ ነው፤ የተቸኮለ ቀራጭ መጀመሪያ ሳይገለብጥ ከህትመት በቀጥታ ከቀዳ ኮረብታው ይዞራል። ጽሑፉ ግን ለብቻው በግልባጭ ስለሚቀረጽ ቀና ሆኖ ይወጣል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

መልስ | ካርቶን
ፍሬም ሲለውጡ የድሮውን ካርቶን ይጣሉት፤ በሥዕሉ ዙሪያ ቡናማ መስመር የሚያወጣው አሲዱ ነው። ከአሲድ ነጻ ካርቶን ይጠቀሙ፣ ወረቀቱ መስታወቱን አይንካ። በፕላስተር አይለጥፉ፤ በጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ከላይኛው ጠርዝ በሁለት ቦታ ብቻ ይንጠልጠል። ብርሃኑ ከ50 ሉክስ አይብለጥ፣ ያ የውሃ ቀለም ሰማያዊ መጀመሪያ ይሄዳል። ነጠብጣቡን በበረኪና ለማጽዳት እንዳይሞክሩ።