የባሕር ዛፍ ጣውላ የለበሰ ግድግዳችንን እንዴት እናድነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በሰፈራችን መዋጮ የተሠራውን የሕዝብ ማንበቢያ ቤት ከውጭ በጣውላ ለማልበስ ስንወስን፣ ጽድ ብስባሴን የሚቋቋም ቢሆንም ቀስ ብሎ የሚያድግና የተመናመነ አገር በቀል ዛፍ ስለሆነ ትተን፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠውን ነጭ ባሕር ዛፍ መረጥን። በምርጫው አሁንም አልጸጸትም፤ ያጠፋነው ጣውላው ሳይደርቅ በሚስማር መምታታችን ነው።

በነሐሴ ከመሰንጠቂያ ቤት እርጥቡን አምጥተን፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ጣውላ ያለ ምንም ክፍተት በብሎኬቱ ላይ በተራ ሚስማር መታነው። የጥቅምት ፀሐይና ነፋስ ሲመጣ ጠርዙ ተቆለመመ፣ ጫፉም ተሰነጠቀ፤ ልጆች በአንዱ ስንጥቅ እርሳስ ሰክተውበት አገኘሁ። ከየሚስማሩ ሥር ደግሞ ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ጥቁር መስመር ወርዷል።

አሁን ያሰብኩት ጣውላውን ነቅዬ፣ በጥላ ሥር በየመካከሉ ስስ እንጨት እያስገባሁ ደርድሬ ካደረቅሁ በኋላ፣ ከጀርባው አየር እንዲያልፍ በቁም በተመቱ ሞራሌዎች ላይ፣ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ መልሼ ለመምታት ነው። የተቆለመመው ሲላጭ ይቃናል ወይስ ለማገዶ ይሂድ? ዚንክ የተነከረ ሚስማር ይበቃል ወይስ የማይዝግ ብሎን ግድ ነው?

አንድ የኮሚቴ አባል የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባው ይላሉ፤ ለአጥር ቋሚ ይሁን እንጂ ሕፃናት ለሚደገፉበት ግድግዳ አልወደድኩትም። በምትኩ የተልባ ዘይት የደጋውን ዝናብና ፀሐይ ይችል እንደሆነ፣ በየስንት ጊዜውም መታደስ እንዳለበት፣ በሥራው ያለፋችሁ አናጺዎችና መሐንዲሶች ብትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።