ጥቆማ፦ የትራውት ዝንብ በእጃችሁ ለምታስሩ፣ ለማጠናቀቂያው ምን ይሻላል?

ለባሌዎቹ የዳንካና የዌብ ወንዞች ትራውት ዓሣ ማጥመጃ ሰው ሠራሽ ዝንብ (መንጠቆ ላይ በክር የሚታሰር የላባና የፀጉር ነፍሳት አምሳያ) በራሳችሁ እጅ ማሰር የጀመራችሁ ሰዎች ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ «የትኛው ሙጫ ይሻላል?» ብላችሁ ነው። ከሙጫው በፊት ቋጠሮው ይቅደም። ዲንሾ አጠገብ፣ ተሠርቶ የገዛሁት ዝንብ ሁለተኛውን ዓሣ ሳወጣ ከራሱ፣ ማለትም ክሩ ከሚቋጠርበት ከመንጠቆው ዓይን በኩል ጀምሮ ተተረተረ። ላዩ ላይ የተቀባው ሙጫ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ክር ግን የተቋጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ለመቋጠሪያ የማታሬሊ ዓይነት መሣሪያ (የማጠናቀቂያውን ቋጠሮ የሚጠመጥም የሽቦ መሣሪያ) ካገኛችሁ እሰየው። ካላገኛችሁ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ይበቃል፦ ክሩን ጫፉ ላይ ጠምጥማችሁ ወደ መንጠቆው ዓይን ታንሸራትቱታላችሁ፤ ይህንን 4 ወይም 5 ጊዜ ድገሙት። ክሩን አስቀድማችሁ በጧፍ ሰም ሳቡት፣ አይሸሽም። የልብስ ስፌት ክር ወፍራም ስለሆነ የዝንቡን ራስ ያሳብጠዋል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ባለ 70 ዴኒየር (የክር ውፍረት መለኪያ ነው) ቀጭን ክር አስመጡ።

ወደ ሙጫው ስንመጣ፣ የእኔ ምርጫ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፤ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት ነው። ሱፐር ግሉ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ወደ ላባው ሰርጎ ያደርቀዋል፣ ነጭ እድፍም ይተዋል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚደርቀው ሬዚን በሰከንዶች ውስጥ ይጠነክራል፣ ፀሐይም ያደርቀዋል፤ ለተራ ዝንብ ግን ዋጋው አያዋጣም። የትኛውንም ብትቀቡ ሳይደርቅ በመንጠቆው ዓይን ውስጥ መርፌ አሳልፉ።

የታሰረውን ፀጉር ቆርጦ ቅርጽ ማውጣቱን እኔ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። የውጭ አገሩ አጋዘን (ዲር) ፀጉር ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይንሳፈፋል። የእኛ የበግ ፀጉር ግን ውኃ ጠጥቶ ይሰምጣል፤ ከሥር ለሚዋኝ የትንሽ ዓሣ አምሳያ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ጥቅጥቅ አድርጋችሁ እሰሩትና በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ያዙት፤ የተጨፈለቀው ፀጉር ብድግ ይላል። ከዚያ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ከነወረቀቱ ለሁለት ስበሩ። መጀመሪያ ሆዱን ዝርግ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በመንጠቆው ጫፍና በሆዱ መካከል ያለው ክፍተት ከጠበበ ዓሣው አይያዝም። ቀጥሎ ምላጩን በሁለት ጣት ቀስት አስመስላችሁ አጉብጡና ጀርባውን በቀስታ አንሸራቱበት። መቀስም ይሠራል፤ ግን ደረጃ ደረጃ ይተዋል።

ለላባ፣ ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ዝንብ አሜሪካ ኮሎራዶ ያለው ዋይቲንግ የተባለው የዶሮ እርባታ የሚያረባቸውን የአውራ ዶሮ ላባዎች የሚያህል አላየሁም። ለሚሰምጠው ግን የአገራችን ገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ለስላሳና ሰፊ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ሕይወት እንዳለው ይንቀሳቀሳል። ለፋሲካ ዶሮ ሲታረድ የአንገቱን ቆዳ ከነላባው ቀድማችሁ ለምኑ፤ የፈላ ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ አይረባም።