ክርክር፦ የጨዋታ ባለቤት «ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚያድግ አትጻፉ» ሊል ይገባዋልን?

አወያይ፣ ባሕር ዳር፦

የዛሬው ጥያቄ ከራሳችን ሥራ የተነሣ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በዳይስ የምንጫወተውን የሚና ጨዋታ በአማርኛና በጎጃም መልክ ማዘጋጀት ከጀመርን ወዲህ፣ ከሌሎች ሕግጋት ምን ያህል መውሰድ እንችላለን የሚለው ጉዳይ ሥራችንን ደጋግሞ አስቁሞታል። የክርክሩ መነሻ የሚከተለው ነው። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የታወቀ የሚና ጨዋታ አሳታሚ፣ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የጨዋታውን ሦስተኛ እትም ሲያወጣ 2 ፈቃዶችን አብሮ አወጣ። ክፍት የጨዋታ ፈቃድ የተባለው ማንም አሳታሚ መሠረታዊ ሕግጋቱን ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ይፈቅዳል። ሌላው ደግሞ «ዲ 20» የተባለውን ምልክት በሽፋን ላይ ለማተም የሚያስችል የንግድ ምልክት ፈቃድ ነበር። ይህም ያለ ክፍያ ቢሰጥም አንድ አጥር ነበረው፤ ምልክቱን የያዘ መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በጨዋታው ውስጥ በሠራው ሥራ የሚሰጠውን የልምድ ነጥብ ያከማቸ ገጸ ባሕርይም እንዴት ወደ ቀጣዩ ደረጃ እንደሚያልፍ የሚገልጽ ሕግ እንዲይዝ አይፈቀድለትም ነበር። ያን የፈለገ ሰው የባለቤቱን የተጫዋቾች መጽሐፍ መግዛት ነበረበት። ይህ ገደብ ተገቢ ነበርን?

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦

ተገቢ አልነበረም፤ ምክንያቴም ከራሴ ጠረጴዛ የመጣ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ያን ምልክት የያዘ፣ ያገለገለ መጽሐፍ ከውጭ አመጣልኝ። ጭራቁ፣ ከተማው፣ የጦር መሣሪያው፣ ዝግጁ የሆኑ ገጸ ባሕርያትም ሳይቀሩ ነበሩበት። የተጫዋቾች መጽሐፍ እንደሚያስፈልግ የሚናገረውን አንድ መስመር ማስታወቂያ መስሎን አለፍነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ4 ተማሪዎቼ ጋር ስንጫወት አንዷ ነጥቧን በደብተሯ የኋላ ሽፋን ላይ በእርሳስ ትመዘግብ ነበር። 900 ሆነ፣ 1,400 ሆነ፣ 2,950 ሆነ፤ ልጅቷ ግን ከደረጃ 1 አልተነቃነቀችም፣ የሚያሳልፈው ቁጥር ስንት እንደሆነ የሚነግረን ገጽ አልነበረንምና። በመጨረሻ «መምህር፣ እኔ ክፍል የማልፈው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሠንጠረዡን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ 1,000፣ 3,000፣ 6,000፣ 10,000 ይላል። ያለህበትን ደረጃ በ1,000 አባዝተህ በነበረው ላይ መደመር ማለት ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በ2 ደቂቃ የማስረዳውን ድምር አጥር አድርጎ መሸጥ ምን ይባላል?

የሕግ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦

ጋሼ መምህር፣ ልጅቷ አሳዝናኛለች፤ ነገር ግን 2 ጥያቄዎችን አንድ አድርገዋቸዋል። ሠንጠረዡ የማን ነው የሚለውና ምልክቱ የማን ነው የሚለው ይለያያሉ። በመጀመሪያው ከእርስዎ ጋር ነኝ። የእኛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 5 ሐሳብን፣ የአሠራር ዘዴን፣ ቀመርንና ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውሉ የቁጥር ሠንጠረዦችን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል፤ የአሜሪካም ሕግ የሚጠብቀው ዘዴው የተገለጸበትን ጽሑፍ እንጂ ዘዴውን አይደለም። እርስዎ የጠቀሷቸውን ቁጥሮች በቅጅ መብት ማጠር የሚቻል አይመስለኝም።

የምልክቱ ፈቃድ ግን የተመሠረተው በውል ነው። «ስሜን በሽፋንህ ላይ አድርግ፤ በምትኩ ይህን አትጻፍ» አለ፤ አሳታሚውም ወዶ ተቀበለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሚገባ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ እንደሆነ ይደነግጋል። አጥሩን ያልወደደ አሳታሚ ምልክቱን ትቶ በክፍት ፈቃዱ ብቻ ሙሉ ጨዋታ ሊጽፍ ይችል ነበር። ገበያ ወጥታችሁ «የቢቸና ማኛ ነው» የሚል ነጋዴ ስትሰሙ ዋጋውን የምትጨምሩለት ለጤፉ ብቻ ነው ወይስ ለስሙም ጭምር? መንግሥታችንም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲከራከር፣ በ2007ም ከስታርባክስ ጋር ሲስማማ የተከተለው መንገድ ይኸው ነበር፤ የስሙ ፈቃድ ያለ ክፍያ ይሰጣል፣ ተቀባዩ ደግሞ ቃል ይገባል። ያን ጊዜ አጨብጭበን ዛሬ እንዴት እንቃወማለን?

ሠዓሊ፣ ባሕር ዳር፦

የቡናው ምሳሌ ለእህታችን አይሠራላቸውም። የይርጋ ጨፌን ስም የሚያትም ቡና ቆዪ፣ ቡናው እንዴት እንደሚፈላ በማሸጊያው ላይ እንዳይጽፍ፣ ጠጪው መመሪያውን ከባለ ስሙ ብቻ እንዲገዛ የተባለ አልሰማሁም። ስም የሚጠበቀው ገዢው እንዳይታለል ነው፤ እዚህ ግን ገዢው ጎዶሎ መጽሐፍ እንዲገዛ ተደረገ።

ደግሞም ምልክቱን አምነው የኖሩት ምን እንደገጠማቸው እንይ። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 አራተኛውን እትም ሲያወጣ የምልክቱን ፈቃድ ሰረዘው። ሽፋናቸውን በሰው ስም ያሳተሙት ሁሉ ስሙን ከነመጽሐፉ ማንሣት ነበረባቸው። በአንጻሩ ግሪን ሮኒን የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2002 ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ የተባለውን ጨዋታ ያለ ምልክቱ፣ ከነሙሉ የገጸ ባሕርይ አፈጣጠሩ አወጣ። ፓይዞ የተባለው ሌላ አሳታሚም በ2009 ፓዝፋይንደር የተባለውን ጨዋታ ሲያትም የራሱን የእድገት ሠንጠረዥ ቀርፋፋ፣ መካከለኛና ፈጣን ብሎ በ3 ከፍሎ ለተጫዋቹ ምርጫ ሰጠ። መምህሩ የሚፈልጉት ገጽ ያለ አጥር ሲጻፍ እንደዚህ ያምራል።

የሕግ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦

ስለ አፈላሉ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ምሳሌዬ በዚያ በኩል ያነክሳል። ሆኖም የጠቀሷቸው 2 ሥራዎች ራሳቸው የቆሙት ባለቤቱ በነጻ በሰጠው ክፍት ፈቃድ ላይ መሆኑን አይርሱ። የክፍት ፈቃዱ ሐሳብ ዋና ጠንሳሽ ራያን ዳንሲ በይፋ ይከራከርበት የነበረው ስሌት፣ አንድ ዓይነት ሕግ የሚጠቀሙ ጨዋታዎች በበዙ ቁጥር የተጫዋቾች መጽሐፍ ገዢም ይበዛል የሚል ነው። የደረጃው ሠንጠረዥ በየአሳታሚው መጽሐፍ ቢታተም ይህ ስሌት ይፈርስ ነበር፤ ምናልባት በሩም ከመጀመሪያው ባልተከፈተ ነበር። ሁሉን የሰጠ ሰው አንድ ነገር ቢያስቀር ለምን ይነቀፋል?

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፣ ሞጣ፦

እኔ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ የተማርሁ ሰው ስለሆንሁ ነገሩን በማውቀው ልመዝነው። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ የሚጀምረው 2 ቤት፣ ማለትም 2 ስንኝ፣ ባለው ጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ እያለ 8 ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል፤ ከመወድስ በኋላም ገና መንገድ አለ። ዋሸራ ቅኔ ቤት ቢሄድ መሰላሉ ይኸው ነው፣ ጎንጅ ቅኔ ቤትም ቢሄድ ይኸው ነው፤ ባለቤት የለውም። የሚለያየው የየቅኔ ቤቱ አገባብና ስልት ነው፤ ጎንጅ ሳይማር የጎንጅ ነኝ የሚለውን ሰው ደግሞ ማኅበሩ ሁለት ቅኔ ሰምቶ ያውቀዋል። ስለዚህ ስም ይጠበቅ የሚለውን እደግፋለሁ። ተማሪም ከመምህር ወደ መምህር መሄዱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሚሄደው «እስከ ሥላሴ ብቻ አስተምር፣ መወድሱን እኔ ዘንድ ይማሩ» ብሎ መምህሩን ያሰረ ስላለ አይደለም። ያ አጥር የተተከለው በስሙ ዙሪያ ሳይሆን በመሰላሉ መካከል ነው፤ የማልቀበለውም እዚህ ላይ ነው።

ለጨዋታችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ነጥብ መቁጠር ለወታደርና ለነጋዴ ይሁን፤ የቅኔ ተማሪ የሆነ ገጸ ባሕርይ ግን በዚህ መሰላል ይውጣ። ነጠላውን ተከናንቦ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻውን እያነበነበ ቅኔውን ይቆጥር፣ ማታ ለየኔታ ይንገር፤ የኔታ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ሰምቶ ካላረመው ይለፍ፣ ካረመው እዚያው ይቆይ።

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦

ይህ ግሩም ነው! እንዲያውም ሌላ ቦታ ያልታየ የእድገት ሕግ ስለሆነ፣ ጨዋታችን ሲታተም ይህን ምዕራፍ ሌሎች እንዳይወስዱት ገደብ እናስቀምጥበት።

ሠዓሊ፣ ባሕር ዳር፦

ጋሼ መምህር፣ የልጅቷን 2,950 ነጥብ በአንድ ጊዜ ረሱት?

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦

አልረሳሁትም። ያ ኩባንያ ትልቅ ነው፣ እኛ 5 ሰዎች ነን። ደካማ የሚያጥረውና ኃያል የሚያጥረው በአንድ ሚዛን ሊመዘን አይገባም ባይ ነኝ።

የሕግ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦

በቅጅ መብት አይሆንም፤ ልጅቷን የጠቀማት አንቀጽ 5 እኛንም ይይዘናል፣ መሰላሉም ሞጣ ያሉት ወንድማችን እንዳሉት ከእኛ በፊት የነበረ ነው። ሊጠበቅ የሚችለው እኛ የምንጽፈው ዓረፍተ ነገርና ሠዓሊው የሚሥለው ሥዕል ነው። የጨዋታውን ስም በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ማስመዝገብ እንችላለን፤ ከዚያ በስሙ ላይ በውል ገደብ ማኖር ይቻላል። ግን ገደቡን ተቀብሎ ስማችንን የሚለምን ሰው የሚገኘው ስማችን ሲታወቅ ነው። ዛሬ ማን ያውቀናል?

አወያይ፣ ባሕር ዳር፦

በሌላ በኩል የታወቀም ስም ቢሆን አጥር ሲበዛበት ምን እንደሚሆን አይተናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የዊዛርድስ አዲስ የፈቃድ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ፤ የቆየውን ክፍት ፈቃድ የሚሽርና በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ ገቢ ካላቸው አሳታሚዎች ድርሻ የሚጠይቅ ነበር። ተጫዋቹና አሳታሚው ተነሡ፤ በዚያው ወር በ27ኛው ቀን ኩባንያው ረቂቁን ትቶ የጨዋታውን አምስተኛ እትም መሠረታዊ የሕግጋት ሰነድ ምንጭ መጥቀስን ብቻ በሚጠይቅ የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተከለከለው ዓይነት የደረጃ ሠንጠረዥ፣ ዛሬ 300፣ 900፣ 2,700 እያለ እዚያ ሰነድ ውስጥ ተቀምጧል።

ስለዚህ የስሙ ምዝገባ ላይ የተቃወመ ስለሌለ እንቀጥልበታለን። የቅኔው ምዕራፍ ይታጠር ወይስ ይለቀቅ የሚለው በ2 ወገን ቆሟል፤ ሕጉ መጀመሪያ ተጽፎ እንየው። ጋሼ መምህር፣ የወታደሩንና የነጋዴውን ሠንጠረዥ እስከ ቅዳሜ ያዘጋጁልን።

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦

አዘጋጃለሁ። ወታደሩ መጀመሪያ ደረጃ ሲያልፍ የቅኔ ተማሪው ዘአምላኪየ ላይ እንዲደርስ አድርጌ አመጣጥነዋለሁ።

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፣ ሞጣ፦

አያመጣጥኑት፣ ጋሼ። እኔ ራሴ ጉባኤ ቃና ላይ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጫለሁ።