የቴክ ስብስባችንን እንደ ቴኳንዶ ልምምድ መምራት ይቻላል?

ቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ የፕሮግራሚንግ ስብስብ አለን፤ አብዛኞቹ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ተማሪዎች፣ ጥቂቶቹ ከደሴ የሚወርዱ ናቸው። አንዱ ስላይድ ያቀርባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ሰዉም በየሳምንቱ እየሳሳ ነው። ቴኳንዶ የሚሠሩት ልጆች ግን ከልምምዳቸው አይቀሩም። የእነሱን አሠራር እንዴት እናምጣው? ስታርታፕ የሚያስቡም አሉን። የመብራቱን ነገርም አትርሱ።

ጦሳ፦
አብሽሩ፣ ይቻላል። ቴኳንዶ ቤት ገብቶ ቁጭ የሚል የለም፤ ሰው የሚይዘው እሱ ነው። ገለጻውን 10 ደቂቃ ላይ ቁረጡት። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በአንድ ላፕቶፕ ሥሩ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ስህተት ይለቅማል፣ በየ10 ደቂቃው ይለዋወጣሉ። ሰዓት የሚይዝ ሰው የግድ ይመደብ፤ አለዚያ ጎበዙ ኪቦርዱን እንደያዘ ይቀራል፣ ጀማሪውም በሳምንቱ አይመጣም።

ለቀበቶው፣ ማለትም ለደረጃ ዕድገቱ፣ ቴጉክ የሚባሉት ፑምሴዎች (በቅደም ተከተል የሚሠሩ የእንቅስቃሴ ልምምዶች) 8 እንደሆኑ ሁሉ እናንተም 8 ሥራዎች አዘጋጁ። የመጀመሪያው የስም ዝርዝር ከፋይል አንብቦ በፊደል ተራ ማስቀመጥ፣ የመጨረሻው ዳታቤዝ ያለው የሱቅ ዱቤ መዝገብ ይሁን። ፈተናው ባዶ ፋይል ከፍቶ በሰው ፊት መጻፍ ነው። ከዩቲዩብ የገለበጠ ሰው እዚያ ላይ ይቆማል፤ ወድቋል አይባልም፣ በሳምንቱ ይደግማል።

ሰኞ ገበያ፦
ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ብታደርጉት በረመዳንም ደሴ የሚመለሰው ለአፍጥር ይደርሳል። ሰው ቢያንስም ሰዓቱን አትቀይሩ።

መብራትን በተመለከተ፣ ባለ 12 ቮልት ራውተር በ12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይሠራል። ግማሽ አምፒር ቢስብ ሒሳቡ 14 ሰዓት ይመጣል፤ ሊድ አሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ስለሚያጥር ከ6 እስከ 7 ሰዓት ብቻ ቁጠሩ። ከማገናኘታችሁ በፊት የራውተሩን ጀርባ አንብቡ። 5 ወይም 9 ቮልት የሚል ከሆነ ሊቃጠል ይችላል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩንም አረጋግጡ፣ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ባለ 2 አምፒር ፊውዝ አስገቡ።

አንድ ላፕቶፕ ላይ የጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም) ቤር ሪፖዚቶሪ፣ ማለትም የጋራ የኮድ ማከማቻ ከከፈታችሁ ሌሎቹ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋዩ ፑሽና ፑል ያደርጋሉ፤ ኮድ ይልካሉ፣ ይቀበላሉ። የዚያን ላፕቶፕ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርጉት፤ ካልሆነ በሳምንቱ ቁጥሩ ተቀይሮ ግማሹ ሰዓት ፍለጋ ላይ ያልቃል። የምትጽፉበትን ቋንቋ ዶክመንቴሽን (መመሪያ) ቀድማችሁ አውርዱ።

አዝዋ፦
ስለ ስታርታፑ እኔ ልመልስ። ፑምሴ ብቻ የሠራ ሰው ግጥሚያ ሲገባ ይደናገጣል፤ ተጋጣሚው በቦታው ቆሞ አይጠብቀውም። የእናንተ ግጥሚያ ባለሱቁ ነው። የዱቤ መዝገቡን ለ5 ባለሱቆች ውሰዱ፣ ስልኩን ሰጥታችሁ «አሁን በዱቤ የሰጡትን ስኳር ይመዝግቡልን» በሉና ዝም በሉ። ማስረዳት ከጀመራችሁ ፈተናው ተበላሸ። የት ላይ እንደቆሙ፣ የቱን በስህተት እንደነኩ ጻፉ።

«ጎበዞች፣ በርቱ» መባል ጨዋነት ነው እንጂ ሽያጭ አይደለም። በሳምንቱ ተመለሱ። አሁንም ደብተር ላይ እየጻፉ ካገኛችኋቸው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፍጥነት ነው፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ የስልክ ቁጥር፣ ስምና ቀን የሚያስሞላ ገጽ ማንም አይከፍትም። ስምና ብር ብቻ አስቀሩ፣ ቀኑን ስልኩ ራሱ ይሙላ። ከዚያ በቴሌብር ትንሽ ወርሃዊ ክፍያ ጠይቁ። ባለሱቁ ለመክፈል ሲያቅማማ ገና የምትሠሩት አለ።

ቦርከና፦
አላህ ይስጥልን። ተማሪዎቹ ክረምት ሲበተኑስ?

ጦሳ፦
መሪ ሁለት ይሁን፣ አንድ ተማሪና አንድ የከተማው ነዋሪ። ባትሪው፣ ራውተሩና የአዳራሹ ቁልፍ ከነዋሪው ጋር ይቀመጡ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩትንም ጥሯቸው፤ ፈረቃቸው ስለሚቀያየር የሳምንቱን ሥራ በቴሌግራም ቀድማችሁ ላኩላቸው።