እርዱኝ፦ «ሰዳት» የሚባል ቃል አለ? (የዛሬው መስቀለኛ ቃላት፣ 7 ወደ ታች)

የቱሉ ዲምቷ (ጠያቂ)፣ ከምሽቱ 2፡40
ፈጠን ብላችሁ እርዱኝ። የዛሬው ጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት 7 ወደ ታች ላይ ቆሟል። ሰ፣ ዳ፣ ት ነው የሚወጣው። እንዲህ የሚባል ቃል አባቴም እኔም ሰምተን አናውቅም። ደጋግመን በላጲስ ስላሸነው የላይኛው ሳጥን ተበስቶ በስተጀርባው ያለው የጨረታ ማስታወቂያ እየታየ ነው። አባቴ ዓይኑ ደክሟል። እኔ በሻማ ፍንጩን አነብለታለሁ፣ እሱ ጋደም ብሎ ይመልሳል። ሌላውን ሁሉ ጨርሶ ይቺ አንዷ ስለያዘችው ራቱን እንኳ በቅጡ አልበላም። መልሱን ወደ ከተማ የሚያደርስልን ጎረቤታችን ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይወጣል። መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬ 15 በመቶ ነው ያለው። ጋዜጣው ተሳስቷል መሰለኝ። ምን ትላላችሁ?

ልጅ ከለገጣፎ፣ 2፡44
ስደት ነው እህቴ። ስደት ብለሽ ሙይውና አባትሽ ይተኙ።

ሹፌሩ ከኮዬ ፈጬ፣ 2፡46
ፍንጩ ምን ይላል? የሚያቋርጡት ቃላትስ? እሱን ሳታነቢልን በምን እንርዳሽ?

የቱሉ ዲምቷ፣ 2፡51
ይቅርታ፣ ጋዜጣው ሁላችሁም እጅ ያለ መስሎኝ ነው። በቅንፍ ያለው ቁጥር የመልሱ ፊደል ብዛት ነው።
7 ወደ ታች፦ «አረዳት፤ ራስ ቢያጣ የታክሲ ሒሳብ ይሰበስባል (3)»
7 ወደ ጎን፦ «መጠጡ ናላውን አዞረው፤ ሲመለስ ዋጋው ወረደ (3)»። ሰከረ ብለናል። ከላይ የሚወርደው «ላከ»ም መሐሏ ከ ላይ በትክክል ያርፋል።
10 ወደ ጎን፦ «ዳነ፤ ሲዞር ከብት ይዞ ወጣ (2)»። ነዳ።
12 ወደ ጎን መልሱ «ትርፍ» ነው፣ እሱ አያጠራጥርም።
አባቴ ገና ፍንጩን እንደሰማ «ረዳት!» ብሎ ነበር። ግን መጀመሪያው ሳጥን ሰ ሆነበትና ተወው። ለዚህ ነው ጋዜጣው ተሳስቷል ያልኩት።

ጡረተኛው መምህር፣ ሰበታ፣ 2፡58
ልጄ፣ መጀመሪያ የነገሩን አመጣጥ ማወቅ ይጠቅማል። አርተር ዊን የሚባል የሊቨርፑል ተወላጅ የመጀመሪያውን መስቀለኛ ቃላት ኒው ዮርክ ወርልድ በተባለ ጋዜጣ ያወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 12 ቀን 1906 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እሱ ተራ የትርጉም ጥያቄ ነበር። ፍንጩን ሸፍኖ የማቅረቡን ጥበብ ያደረጁት እንግሊዞች ናቸው። ቶርኬማዳ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ፖዊስ ማዘርስ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ በኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ እንዲህ ያለውን ያዘጋጅ ነበር። ታይምስም በ1930 የራሱን ጀመረ። ሕጉን ያዙልኝ፦ አንድ ፍንጭ ሁለት አካል አለው። አንዱ የመልሱን ትርጉም ይሰጣል፣ ሌላው መልሱ ከምን ከምን እንደተሠራ ይነግራል። ትርጉሙ ወይ ከፊት ወይ ከኋላ ይቆማል እንጂ መሐል አይገባም። ለምሳሌ «በር ላይ በሬ ቆመና ዓይን አስነባ (4)» ብላችሁ፣ በር እና በሬ ተገጣጥመው በርበሬ ይሆናሉ፤ ዓይን የሚያስነባው እሱ ነው። ሌላም ልጨምርላችሁ፦ «ከአዳማ ርቆ ውስጡ ጣፋጭ ደብቋል (2)»። አዳማ እና ርቆ የሚገናኙበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ማ እና ር፣ ማር።

ሹፌሩ ከኮዬ ፈጬ፣ 3፡01
መምህር፣ ትምህርቱ ደስ ይላል፤ የልጅቷ ባትሪ ግን 15 ነው።

ልጅ ከለገጣፎ፣ 3፡02
ስደት ብያለሁ።

እናት ከካራ፣ 3፡06
በርበሬውን አሁን እያበጠርኩ ነው፣ መምህር፣ እውነትዎን ነው፤ ያስነባል። እህቴ፣ ጋዜጣው ምንም አልተሳሳተም። የተሳሳታችሁት 7 ወደ ጎን ላይ ነው። ናላውን አዞረው የተባለው ሰከረ መሆኑ ልክ ነው። ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆማችኋል፤ «ሲመለስ» ይላል እኮ። ሰከረን ከኋላ ጀምረሽ ጻፊው፦ ረ፣ ከ፣ ሰ። ረከሰ። ዋጋው ወረደ ማለት እሱ ነው። መሐሏ ከ በሁለቱም በኩል አንድ ስለሆነች «ላከ» ገጠመላችሁና ስህተቱ ተሸፈነ። አሁን የላይኛው ሳጥን ረ ሆነ። ረ፣ ዳ፣ ት። አባትሽ ከመጀመሪያውም አውቀውታል። ሄደሽ ንገሪያቸው፣ ራታቸውንም አሙቂላቸው።

አንድ ሰው ከቡራዩ፣ 3፡11
እኔ ግን ከጠያቂዋ ጋር ነኝ። ሰከረ ሲመለስ ረከሰ ከሆነ፣ ረከሰም ሲመለስ ሰከረ ነው። ሁለት መልስ የሚቀበል ፍንጭ የአዘጋጁ ስህተት ነው። ሽማግሌ አባት ራት እስኪቀራቸው ድረስ ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም።

እናት ከካራ፣ 3፡15
ወንድሜ፣ የተመለሰው የቱ ነው? «መጠጡ ናላውን አዞረው» ካለ በኋላ ነው «ሲመለስ» ያለው። ስለዚህ የተመለሰው ሰካራሙ ነው፤ ሲመለስ የሆነው ደግሞ መልሱ ነው። «ዋጋው ወረደ፤ ሲመለስ ናላው ዞረ» ቢል ኖሮ ሰከረ ብለው መጻፋቸው ልክ ይሆን ነበር። 10 ወደ ጎንም በዚያው መንገድ ነው የሄደው፦ ዳነ ሲዞር ነዳ። እሱን በትክክል ፈትተው 7 ላይ ተቻኮሉ።

አንድ ሰው ከቡራዩ፣ 3፡19
ድርብ ሰረዟን አላስተዋልኳትም ነበር። እሺ፣ ይሁን። ቢሆንም ለዓይነ ደካማ ሰው ጮክ ተብሎ ሲነበብ ድርብ ሰረዝ አይሰማም፤ ይህን ማንም አያስብበትም። ጠያቂዋ፣ ስታነቢላቸው እዚያች ላይ ትንሽ ቆም በይላቸው።

ጡረተኛው መምህር፣ ሰበታ፣ 3፡24
ይህ ምክር ትልቅ ነገር ነው። 7 ወደ ታች ላይ ግን ማንም ምንም ሳይል አለፈ፤ እኔ አላልፈውም። «አረዳት» ሲል ዶሮዋን ነው ወይስ መርዶ ነግሮ ሴቲቱን? ጽሕፈቱ አንድ ነው። ቅኔ ቤት ኅብር የሚሉት ይህንን ነው። አዘጋጁ በሁለቱም ሐዘንና ደም እንድናስብ አድርጎ፣ እጁ ግን ያለው ፊደሉ ላይ ነው፦ የቃሉ ራስ አ ናት፤ እሷ ስትወድቅ ረዳት ይቀራል። እንዲህ ዓይነት ፍንጭ የሠራ ሰው ዛሬ ማታ ምስጋና ይገባዋል።

ሹፌሩ ከኮዬ ፈጬ፣ 3፡28
እንግዲያው ሰምና ወርቅ ነው በሉኛ። የእኔ ረዳት ደግሞ እዚህ ጎኔ ተቀምጦ ስሙ ጋዜጣ ላይ ወጣ ብሎ ይስቃል።

ጡረተኛው መምህር፣ ሰበታ፣ 3፡35
ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ሰምና ወርቅ በአንድ ቃል ላይ ሁለት ትርጉም ይደርባል፤ ፊደሉን ግን አይነካም። ይሄኛው ፊደሉን ይቆርጣል፣ ይገለብጣል፣ ይቀጥላል። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ነው። በላቲን ፊደል ቃል ሲገለበጥ አናባቢው ከተነባቢው ተለይቶ ብቻውን ይቆማል። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን ተሸክሞ ነው የሚዞረው፤ ዳ ቢዞርም ዳ ነው። ለዚህ ነው በረደ ሲመለስ ደረበ የሚሆነው፤ ቀረበም ሲመለስ በረቀ ይሆናል። በረደ፣ ደረበ! ይህን ያስተዋልኩ ዕለት የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ለብቻዬ ጮኼአለሁ። በዚያው ልክ ፊደሉን አደበላልቆ ሌላ ቃል ለማውጣት ያስቸግራል፤ 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ቅርጽ ነው። ከለገጣፎ ያልከኝ ልጄ፣ ስደትም ያልገባው በዚህ ነው። ሰ ወይስ ሠ ብለን ብንከራከር ድምፁ አንድ ነው ትለኝ ነበር። ስ እና ሰ ግን አንድ አይደሉም፤ ደ እና ዳም እንዲሁ።

ልጅ ከለገጣፎ፣ 3፡38
ገባኝ፣ ጋሼ። ካላወቅኩ አገር ልስጥ እንግዲህ፤ ለገጣፎን ሰጠሁ።

እናት ከካራ፣ 3፡39
ለገጣፎን ተቀብዬ ምን ሠርቼ፣ ምን በልቼ…

አንድ ሰው ከቡራዩ፣ 3፡52
ጠያቂዋ ጠፋች። ደረሰሽ ወይ?

ሹፌሩ ከኮዬ ፈጬ፣ 4፡03
ባትሪው ዘግቶባት ይሆናል። እኔ ነገ ንጋት ላይ በክፍያ መንገዱ መግቢያ በኩል ወደ ቱሉ ዲምቱ አልፋለሁ። ቤቱን ባውቀው ኖሮ አንኳኩቼ እነግራቸው ነበር።

ጡረተኛው መምህር፣ ሰበታ፣ 4፡10
መብራት ሲመጣ ታነበዋለች። ልጄ፣ ለአባትሽ ይህን ከእኔ ብለሽ አንብቢላቸው፣ ድርብ ሰረዟ ላይ ቆም ብለሽ፦ «ሰም የላሊበላን ራስ አቀፈ፤ ጠቡ ቀረ (3)»።

ልጅ ከለገጣፎ፣ 4፡12
ሰላም! ሰ፣ ላ፣ ም! ሰም ውስጥ ላ ገባች!

ጡረተኛው መምህር፣ ሰበታ፣ 4፡13
ጎሽ፣ ልጄ። ለአባቷ ነበር እኮ ያልኩት።