ጥያቄ፦ የ68 ዓመት ሰው መጠጥ ሲገዛ መታወቂያ ይጠየቃል እንዴ?

የበኩር ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል። ሰሞኑን አብረን ሱፐርማርኬት ገብተን አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን አነሱ። ካሸሯ መታወቂያ ጠየቀቻቸው። የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ስትደግምላቸው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። ከኪሳቸው የድሮ መንጃ ፈቃዳቸውን አውጥተው ሰጧት። ገልብጣ አየችውና "ጊዜው አልፎበታል" ብላ መለሰችላቸው። "በቃ የእኔን ልስጥሽ፣ እኔ ልክፈል" ስላት ደግሞ የሁለታችንንም ማየት አለብኝ አለች። ጠርሙሱን ትተን ወጣን። አባባ እስካሁን "ሌባ አስመሰለችኝ" እያሉ ነው።

ይሄ ነገር ሕግ ነው ወይስ የሱቁ ግትርነት? አላሳይም ማለት ይችላሉ? መንዳት ካቆሙ ቆይተዋል፣ ስለዚህ መንጃ ፈቃዱን አላሳደሱም። የአሜሪካ ፓስፖርት አላቸው፤ ግን እንዳይጠፋባቸው ቤት ነው የሚቀመጠው። የምንኖረው አሜሪካ ነው። በየዓመቱ ደግሞ እንግሊዝ ወንድሜ ጋ ሄደው ይከርማሉ። ስለ ሁለቱም የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የቀድሞ ካሸር

እህቴ፣ ልጅቷ ላይ አትፍረጂባት። እኔም ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። ከባንኮኒው ማዶ ያለ ሰው የማያየውን ልንገርሽ። የወይኑ ባርኮድ ጢጥ ሲል ስክሪኑ ቀጥ ይላል። የትውልድ ቀን አስገባ የሚል ሳጥን ይመጣል። እሱ ካልተሞላ ቀጣዩን ዕቃ እንኳ መምታት አይቻልም። አንዳንድ ሱቅ ደንበኛው በዕድሜ የገፋ መሆኑን በዓይን አይቶ የሚያሳልፉበት ቁልፍ አለ። ሌላው ጋ ግን ቁልፉን አውጥተውታል። መታወቂያው በማሽን ካልተነበበ ሽያጩ አይሄድም። እንዲህ ያለ ሱቅ ከሆነ አባትሽ 100 ዓመት ቢሞላቸውም ልጅቷ የምታደርገው ነገር የለም።

ለምን እንዲህ አጠበቁት ካልሽ፣ ግምት ጠብ ያመጣል። አንዱን አሳልፈሽ ከኋላው ያለውን ስትጠይቂ "እሱን ለምን አልጠየቅሽውም?" ይመጣል። የሰው ዕድሜ ደግሞ ያታልላል፤ በተለይ የሌላ ዘር ሰው ሲሆን መገመት ለማንም ከባድ ነው። በዚያ ላይ ተቆጣጣሪዎች ዕድሜው ያልደረሰ ወጣት ልከው ይፈትኑሻል። ከሸጥሽለት ቅጣቱ በራስሽ ስም ሊመጣ ይችላል፤ ሱቁም የመጠጥ ፈቃዱ ሊታገድበት ይችላል። ስለዚህ አለቆቻችን "ሁሉንም ጠይቁ፣ ነገር አታብዙ" ብለው ገላገሉን። እውነቱን ለመናገር ለእኛ እፎይታ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ግን እንዳልነበረ አውቃለሁ። በየቀኑ ሲቆጡኝ እሰማ ነበር።

የሁለታችሁንም የጠየቀችው ወይኑን ያነሱት እሳቸው ስለሆኑ ነው። መታወቂያ ያጣ ሰው ዕቃውን ለጓደኛው ሲያሳልፍ ካየን እንዳንሸጥ ተነግሮናል። ደንቡ የወጣው ተሰብስበው ለሚመጡ ጎረምሶች ነው። ሲጻፍ አባትና ልጅ ማንም አላሰበም።

ቀጥተኛው

ሕግ ነው ወይ ላልሽው፣ አሜሪካ ውስጥ እንደ ግዛቱ ነው። መጠጥ ለመግዛት 21 ዓመት የሚለው ነገር የጸናው በ1984ቱ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) የፌዴራል ሕግ ነው። ያ ሕግ የሠራው በገንዘብ ነው፤ ዕድሜውን 21 ላላደረገ ግዛት የአውራ ጎዳና በጀት ይቀነስበታል አለ። ገንዘብ ማጣት የፈለገ የለም፣ እስከ 1988 ሁሉም ገቡበት። መታወቂያ ማን ይጠየቅ የሚለው ግን የግዛቱና የሱቁ ጉዳይ ነው።

ኢንዲያና በ2010 ከሱቅ ገዝቶ ለሚወጣ ሰው ሽማግሌ ባልቴት ሳይል ሁሉም ያሳይ ብላ ነበር። ሕዝቡ ተማረረ። በዓመቱ ከ40 በታች ለሚመስል ሰው ብቻ አደረገችው። ቴነሲም በ2007 ቢራ ለሚገዛ ሁሉ ግዴታ አድርጋ፣ ኋላ ላይ ከ50 በላይ የሚመስለውን ነፃ አወጣች። እንግዲህ እንዳንቺ አባት የተናደዱ ሰዎች ሕግ አስለውጠዋል ማለት ነው። ግን ልብ በይ፤ ሕጉ ቢላላም ሱቁ በራሱ ደንብ ማጥበቅ ይችላል። አንቺ የገጠመሽም ይሄ ይመስለኛል።

አላሳይም ማለት መብታቸው ነው። ሱቁም አልሸጥም ይላል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። ሁሉም ሰው የሚጠየቅ ከሆነ መድልዎ አይባልም። ፊትና ኋላ የተሰለፉት ሳይጠየቁ እሳቸው ብቻ ተለይተው ከተጠየቁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን፣ የስንተኛው ካሸር ጋ እንደሆነ ጻፊና ለዋናው መሥሪያ ቤት አቤት በይ። ከካሸሯ ጋ መጨቃጨቅ ግን ትርፉ ድካም ነው።

እትዬ ሙሉ

እኔ 71 ዓመቴ ነው፣ እኔንም ይጠይቁኛል። የቀድሞ ካሸር፣ ልጄ፣ ያልከው ገብቶኛል። ግን አልዋጥልህ አለኝ። ልጆችን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ልጅና አያትን መለየት ካቃተው ምኑን ደንብ ሆነ? አንድ ሰው ቆሞ ፊቴን እያየ፣ ዓይኑን ማመን ክልክል ነው ሲባል ይገርመኛል።

ለማንኛውም ልጄ፣ የአባትሽ ችግር ወይኑ አይደለም። ሰው ዓይኑ ሲደክም መንዳት ያቆማል። መንጃ ፈቃዱንም አያሳድስም፣ ምን ያደርግለታል ብሎ። ከዚያ ባንኩም መታወቂያ ይላል፣ ፖስታ ቤቱም ይላል። የጉንፋን መድኃኒት እንኳ ሱዶኤፌድሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ከሆነ ከ2006 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ መታወቂያ አሳይተሽ፣ ፈርመሽ ነው የሚሰጥሽ። እዚያ ሽበት አያድንም፤ ወጣት ሆንሽ ባልቴት ያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትዪ መታወቂያ አውጪላቸው።

ደግሞ "ወጣት መስለዋት ነው እኮ" እያላችሁ አታባብሏቸው። እኔን ልጆቼ እንደዚያ ሲሉኝ ይብስብኛል።

የበኩር ልጅ

እትዬ ሙሉ፣ ይሄን ሳነብላቸው "ይቺ ሴት ታውቃለች" አሉ። እሺ፣ የትኛው መታወቂያ ይሻላል? ጊዜው ያለፈበትስ ለምን አይሠራም? የልደት ቀን ይለወጣል እንዴ? የፓስፖርቱን ፎቶ ስልካቸው ላይ ባደርግላቸውስ?

ወረቀት አዋቂ

ከስልኩ ልጀምር። ፎቶ አይቀበሉም። ቁጥር መቀየር ለማንም ቀላል ነው። አንዳንድ ግዛቶች በስልክ የሚያዝ ሕጋዊ መንጃ ፈቃድ ጀምረዋል፤ እሱንም ሁሉም ሱቅ አይቀበለውም።

ጊዜው ያለፈበትን የማይቀበሉት፣ አሮጌ ካርድ ለታናሽ ወንድም ስለሚተላለፍ ነው። ባለቤቱ አዲስ አውጥቷል፣ አሮጌው እጁ ላይ ቀርቷል፣ መልካቸው ይመሳሰላል። ለአባትሽ ይሄ ትርጉም እንደሌለው ገብቶኛል። ካሸሩ ግን ካርዱ ላይ የሚያየው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የተወለዱበትንና የሚያበቃበትን።

አሁን መፍትሔው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ለማይነዳ ሰውም መታወቂያ ካርድ ይሰጣል። መጠኑም መልኩም ከመንጃ ፈቃድ ጋር አንድ ነው፣ ከኋላው ባርኮድ አለው። ስለዚህ የሱቁ ማሽን ያለ ችግር ያነበዋል። አንዳንድ ግዛት ለአረጋውያን ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ዕድሜያቸው 62 ለሞላ ሰዎች በነፃ ነው። እኔ ብሆን ይሄንን ነበር የማወጣላቸው።

ሌላው፣ ዜጋ ስለሆኑ ፓስፖርት ካርድ የሚባለውን ማውጣት ይችላሉ። ኪስ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ 10 ዓመት ያገለግላል። ለዓለም አቀፍ በረራ ግን አይሆንም። ደግሞ አይተውት የማያውቁ ካሸሮች ግራ ይጋባሉ።

ዜጋ ያልሆናችሁ እዚህ የምታነቡ ካላችሁ፣ ግሪን ካርድ ቤት ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል እንጂ ሕጉ 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁልጊዜ ይዞት ይዙር ነው የሚለው። ለመጠጥ ግን አንዳንድ ሱቅ አይቀበለውም። የሌላ አገር መታወቂያ የምታሳዩ ከሆነ ደግሞ ቀንና ወር እንዳይምታታ ተጠንቀቁ። አሜሪካውያን ወሩን ያስቀድማሉ። ወሩ በፊደል የተጻፈበት ፓስፖርት ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ባሕር ማዶ

እንግሊዝን ለእኔ ተዉት። እዚህ የመግዣ ዕድሜው 18 ነው። ብዙ ሱቆች ቻሌንጅ 25 የሚባል አሠራር አላቸው፤ ከ25 በታች ለሚመስል ሰው መታወቂያ ይጠይቃሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ነው። ለአባትሽ ጥሩ ዜና ነው። ሽበት እዚህ ዋጋ አለው። ራስሽ በምትከፍይበት ማሽን ከሆነ ወይኑ ሲመታ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ሠራተኛ መጥቶ ፊታቸውን አይቶ ይጫንና ይሄዳል።

ለወጣቶቹ ግን አይምሩም። ድርጅቶቹ ራሳቸው ዕድሜያቸው 18 ያለፈ ግን ልጅ የሚመስሉ ፈታኞች ይልካሉ። ሽያጩ ሕጋዊ ቢሆንም መታወቂያ ያልጠየቀ ካሸር ወደቀ ይባላል።

ምናልባት ከተጠየቁ ፓስፖርታቸውን ያሳዩ። የአሜሪካ የግዛት መታወቂያ እዚህ ብዙ ሱቅ አያውቀውም። የሚታወቁት ፓስፖርት፣ ፎቶ ያለው መንጃ ፈቃድና ፓስ የሚል የሚያብረቀርቅ ምልክት (ሆሎግራም) ያለበት የዕድሜ ማረጋገጫ ካርድ ናቸው።

ሌላ አገር ለምትሄዱም፦ ጀርመን ቢራና ወይን በ16፣ ጠንካራ መጠጥ በ18 ነው። ስዊድን ውስጥ ከመንግሥት የመጠጥ መደብር ለመግዛት 20፣ ቡና ቤት ተቀምጦ ለመጠጣት ግን 18 ይበቃል። የእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይሄ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው) ከ21 በታች ላለ ሰው መሸጥ ክልክል ነው።

ዝምተኛው

ጣልቃ ልግባና፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መታወቂያውን በማሽን ሲያነቡት ምን ምን ይወስዳሉ?

ቀጥተኛው

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ጀርባ ያለው ባርኮድ የትውልድ ቀን ብቻ አይደለም የያዘው። ስም፣ አድራሻና የካርድ ቁጥር ሁሉ አለበት። አንዳንዱ ማሽን ዕድሜውን አስልቶ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ያስቀምጠዋል። ሱቁ ምን ማስቀመጥ እንደሚችል በሕግ የገደቡ ግዛቶች አሉ። ካልተመቸህ "ቀኑን በእጅ ጻፊልኝ" በላት፣ ብዙ ቦታ ይቻላል። ካልተቻለ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

የበኩር ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመታወቂያው ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዚያው ወይኑን ቤት ድረስ እንዲያመጡት ባዝዝላቸውስ?

የቀድሞ ካሸር

ከጥያቄው አያድንሽም። ያመጣው ሰው በር ላይ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ደጅ ላይ ጥሎ መሄድም አይችልም። የሚጠየቀው ግን የሚቀበለው ሰው ስለሆነ አንቺ ውጪና ተቀበዪ። አባባ ራሳቸው መርጠው መግዛት ከፈለጉ ደግሞ ሱቁ ጋ አስቀድመሽ ደውዪና "ሽማግሌም ትጠይቃላችሁ ወይ?" በያቸው። ሳይደብቁ ይነግሩሻል።